በሁዳዴ የሸተተ እንቁላል

የጀመረው በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰኞ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። መሰላሉ ላይ ቆሜ የትልቁን ጋን ክዳን ከፍቼ፣ በብርጭቆ በቀዳሁት ነጭ ወይን ጠጅ ላይ አፍንጫዬን ደፍቼ ነበር። ምንም አልሸተተኝም። ብርጭቆውን አሽከርክሬ ደግሜ ሞከርኩ። ውሃ ያሸተትኩ ያህል ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር አፍንጫዬ ተደፍኖ ይሆናል ብዬ ተናፈጥኩ። አልተደፈነም። አየሩ እንደ ልብ ይገባል፤ የሚገባው ግን አየር ብቻ ነው።

አባቴ ከታች ሆኖ የመሰላሉን እግር ይዟል።

«እህ፣ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ንጹህ ነው» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አስቤበት አልነበረም። ለስድስት ዓመት ሰኞ ሰኞ እዚያው መሰላል ላይ ቆሜ የምሰጠው መልስ ይኸው ስለነበር አፌ በልማድ ተናገረው። ከዚያ በኋላ ቃሌን ማረም የምችልባቸው ጥቂት ሰከንዶች ነበሩ። እኔ ደግሞ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነገር መናገር የሚሆንልኝ ሰው አይደለሁም። ስልክ እንኳን ስደውል የምለውን አስቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። አባቴ መሰላሉን ለቆ ወደ ፓምፑ ሄደ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

የቤተሰባችን የወይን ጠጅ ቤት አውሮራ ከተማ ውስጥ ነው፤ በጎማ መሸጫና በምንጣፍ መጋዘን መሀል ያለ፣ መስኮት የሌለው ዌርሃውስ። ወይኑ የሚበቅለው ግን ከተራራው ማዶ፣ በመኪና አራት ሰዓት ርቆ፣ አባቴ በኪራይ በያዘው ማሳ ላይ ነው። ሲደርስ ሁላችንም ሄደን ፀሐይ ሳትወጣ እንለቅመዋለን፤ ማቀዝቀዣ ባለው ትራክ ጭነንም እናመጣዋለን። አባቴ በወጣትነቱ አገር ቤት ወይን ጠጅ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። እዚህ ከመጣ በኋላ ለረጅም ዓመታት መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ነድቷል። ሻትሉን ሲነዳ ያሰበው የነበረው ግን ነጭ ወይን ጠጅ ነው።

ቀይ ወይን ጠጅ ጥፋትን ይሸፍናል ይላል። ከነቆዳው ይፈላል፣ እንጨት በርሜል ውስጥ ይተኛል፣ የሚደበቅበት ብዙ ቦታ አለው። ነጩ መደበቂያ የለውም። ዘለላውን እንዳለ እንጨምቀዋለን፤ ከጭማቂው በቀር ምንም አናስገባም፤ በቀዝቃዛ የብረት ታንክ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲፈላ እንተወዋለን። አባቴ ታንኩን «ጋን» ነው የሚለው፤ ሁላችንም ያንኑ እንላለን። ፍላቱ ሲያበቃ አምቡላው ታች ይዘቅጣል። ሌሎች ጠማቂዎች ቶሎ ያጠልሉታል። እኛ ግን የብርዱን ወራት ሙሉ በአምቡላው ላይ እናስተኛዋለን፤ በሳምንት አንድ ቀን በረጅም ማማሰያ እናማስለዋለን። ወይኑ ወፈር የሚለው፣ አፍ ውስጥም የሚቆየው በዚህ ነው። አደጋም አለው። አምቡላ አየር ሲያጣ ታፍኖ የተቀቀለ እንቁላል መሽተት ይጀምራል። በጊዜ ከተደረሰበት ማዳን ቀላል ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከታሸገ በኋላ ግን የዓመቱ ልፋት በሙሉ ከነሽታው ይታሸጋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከማማሰሉ በፊት የሚያሸት ሰው ያስፈልጋል።

ወይኑ ጠርሙስ የሚገባበት ወቅት ሁልጊዜ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። አባቴ ደግሞ በሁዳዴ ወይን አይቀምስም። ቀምሶ መትፋት አይሆንለትም፤ አፍንጫውንም ብርጭቆ አያስጠጋም። «ካሸተትኩት ግማሹን ቀመስኩት ማለት ነው» ይላል። የዓመቱን የመጀመሪያ ጠርሙስ የሚከፍተው ፋሲካ ቀን ነው። እናቴ በተቃራኒው ጴንጤ ናት። ሁዳዴን አትጾምም፤ መጠጥ ግን በደጇ አያልፍም። ወይን ጠጅ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳን በሩን አልፋ አልገባችም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴን ተከትዬ ወደ እሷ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። በሁለቱ መሀል የአባቴን ጾም የማልጾም፣ በእናቴ እምነት የማልጠጣ፣ አሽትቼና ቀምሼ የምተፋ ሰው ሆኜ ቀረሁ። በሁዳዴ የቤቱ አፍንጫ እኔ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምሬ የጨረስኩ ጊዜ ሌላ ከተማ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ አግኝቼ ነበር። አባቴ አትሂጂ አላለኝም። «ሁዳዴ ላይ ብቻ እንዳትጠፊ» ነው ያለኝ። ሥራው የሚጀምረው የካቲት ላይ ነበር። ሳልሄድ ቀረሁ። በዓመቱም ሌላ ሥራ መጣ፤ ሌላ ሁዳዴም መጣ። አባቴ ለእንግዶች «የልጄ አፍንጫ ማሽን አይተካውም» ሲል ፈገግ እያልኩ ዞር እላለሁ። ሰዎች አፍሬ ይመስላቸው ነበር።

ከዚያ ሰኞ በኋላ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ለማሽተት ያልሞከርኩት ነገር የለም። ሳሙና፣ ቪክስ፣ ቅርንፉድ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የወንድሜ ጫማ። ኢንተርኔት ላይ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ሽታ እየያዙ መለማመድ ይረዳል ስለሚል መኝታ ቤቴ ውስጥ አራት ብልቃጥ ደርድሬ በየቀኑ ተቀመጥኩ። ቅርንፉዱ አንዳንዴ አፍንጫዬን ቆንጠጥ ያደርገኛል፤ እሱም ሽታ ሳይሆን ማቃጠሉ ብቻ ነው። ነገ ይመለሳል እያልኩ ሰኞ ደረሰ።

ሰኞ ሰኞ ያሸተትኩትን የምጽፍበት ደብተር አለ። አባቴ በየሳምንቱ መነጽሩን አድርጎ ያነበዋል። በሦስተኛው ሳምንት ምን እንደምጽፍ ሲጠፋኝ ያለፈውን ዓመት ደብተር አወጣሁና የዚያኑ ሳምንት ገልብጬ ጻፍኩ። «ሎሚ፣ አረንጓዴ ፖም፣ ዝናብ የነካው ድንጋይ፤ ንጹህ።» አባቴ አንብቦ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። አራተኛውን ሳምንት እንዲሁ፤ አምስተኛውንም፣ ስድስተኛውንም። ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ገልብጬ የማላውቅ ሰው የገዛ ራሴን ጽሑፍ ሰረቅኩ።

እያንዳንዱ ሳምንት ነገሩን ይበልጥ አከበደው። መጀመሪያ ላይ ብናገር ኖሮ «አፍንጫዬ ታሟል» ማለት ብቻ ነበር። አሁን «ዋሽቻለሁ» ማለት ሆነ። የሚያሽገው ትራክ ደግሞ ተቀጥሯል። እንደኛ ያሉ ትንንሽ ወይን ጠጅ ቤቶች የራሳቸው ማሸጊያ የላቸውም፤ ማሽኑን የተሸከመ ትልቅ ትራክ በተራ እየመጣ በአንድ ቀን አሽጎላቸው ይሄዳል። የእኛ ተራ የሰባተኛው ሳምንት ሐሙስ ነበር። ዌርሃውሱ ውስጥ መስኮት አለመኖሩን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም። በዚያ ሰሞን ግን በየቀኑ አስታውሰው ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ክዳኑን ስከፍት አባቴ ከታች ሆኖ አፍንጫውን ሁለት ሦስቴ ሳብ ሳብ አደረገ።

«እንቁላል እንቁላል ይሸታል» አለ።

በብርጭቆ ቀዳሁ።

«ወይኑ እንዴት ነው?»

ብርጭቆው ላይ ጎንበስ አልኩ። ቀጥ ስል እያየኝ ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ ወይን ያሸተተ ሰው ነው፤ ያን ሽታ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ግን ጠየቀኝ።

«ንጹህ ነው።»

«እ?»

«ንጹህ ነው አባዬ።»

አመነኝ። እኔ ንጹህ ነው ካልኩ ሽታው ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት። ወንድሜ ቶርንተን ላሉ ሬስቶራንቶች ወይን አድርሶ፣ ክዳኑን ከመክፈቴ ትንሽ ቀደም ብሎ ገብቶ ነበር፤ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ከኋላችን ቆሟል። በሁለት ዓመት ያንሰኛል፤ እዚሁ ነው የተወለደው። እቃ የሚያመላልሰው እሱ ነው።

«ና እስኪ ወዲህ» አለው አባቴ። «ምን በልተህ ነው የመጣኸው?»

«ምንም።»

«አፍህን ክፈት።»

«ምን? አባዬ፣ ኤርፖርት ሴኩሪቲ ሆንክ እንዴ?»

«በሁዳዴ! እንቁላል! ያውም ጋኑ አጠገብ!»

«አልበላሁም! ስዌር አደርጋለሁ።»

«አትማልብኝ። ባለፈው ሳምንት መኪናው ውስጥ እንቁላል የተጠቀለለበት የቡሪቶ ወረቀት አግኝቻለሁ፤ ዝም ያልኩህ ያላየሁ መስሎህ ነው?»

«እሱ እኮ ላስት ዊክ ነው! ዛሬ ኖ ቡሪቶ!» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ፣ ንገሪው እንጂ! ከእኔ ይሸትሻል?»

ሁለቱም ጠበቁኝ። ከመሰላሉ ወርጄ ወንድሜ ፊት ቆምኩ። ዳኛ ሆኜ ማለት ነው። እንደማሸት ሆኜ ትንሽ ቆየሁና «እኔ እንጃ» አልኩ።

ወንድሜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ናይስ» አለ፤ «በጣም አመሰግናለሁ።»

አባቴ እስከ ፋሲካ ድረስ በሩን አልፎ እንዳይገባ፣ ሳጥኖቹን ከውጭ ጭኖ እንዲሄድ ነገረው። ወንድሜ አልተከራከረም። ወጥቶ ሲሄድ በሩን እንኳን አላጋጨውም።

ሽታው ከጋኑ ይሁን ከወንድሜ እኔ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ከወንድሜ እንዲሆን ግን ተመኘሁ። ማክሰኞን ሙሉ ቡሪቶ ይሆን ዘንድ ስመኝ ዋልኩ።

እናቴ ሞንትቤሎ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ የአባቴን የጾም ምሳ ይዛ ትመጣለች፤ መኪናዋን በሩ ፊት ፓርክ አድርጋ ሆርን ታደርግና ሳህኑን በመስኮት ታቀብለኛለች። በዚያ ረቡዕ አባቴ ቅዳሴ ሄዷል፤ የሚመለሰው አስር ሰዓት ላይ ነው። ሆርኑን ስሰማ በሁለት የማርማላታ ጠርሙስ ከጋኑ ቀዳሁ። በአንዱ ውስጥ አንድ አሮጌ ሳንቲም ከተትኩ፤ ከድሮዎቹ፣ ከሞላ ጎደል መዳብ ከሆኑት። መዳብ የእንቁላሉን ሽታ ያጠፋዋል። ሳንቲም የገባበት ካልሸተተ፣ ያልገባበት ከሸተተ፣ በሽተኛው ጋኑ ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጤነኛ አፍንጫ ብቻ ነው።

መኪናው ውስጥ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሬድዮው ላይ ስብከት ነበር፤ ቀነሰችው።

«ምንድነው የያዝሽው?»

«እማዬ፣ እነዚህን አሽትቺልኝ።»

«ወይን ነው?»

«አዎ።»

«በጌታ! ለጸሎት የምሄድበት መኪና ውስጥ? ቢደፋስ? ማታ እህቶችን ፒክ አደርጋለሁ እኮ፤ ምን ሊሉኝ ነው?»

«አትጠጪውም። ማሽተት ብቻ ነው።»

«አንቺ እያለሽ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

 የጠርሙሶቹን ክዳን ፈታሁና ወደ እሷ ዘረጋኋቸው። እናቴ ለብዙ ዓመታት የሚናገሩም የማይናገሩም ሽማግሌዎችን ስትንከባከብ የኖረች ናት። ፊቴን አየችው። ከዚያ በአንድ እጇ የአንገት ልብሷን ከአገጯ ስር ሰብስባ ይዛ፣ ትኩስ ድስት ላይ እንደምትጎነበስ ሁሉ ከሩቅ ጎንበስ አለች።

«ይሄኛው» አለች የመጀመሪያውን፣ ሳንቲም የሌለበትን፣ «የተቀቀለ እንቁላል ነው። ኤጭ! ይሄንን ነው ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚጠጣው?»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው ደህና ነው። እንዲያውም ሎሚ ሎሚ ይላል።» ጠርሙሱን በመገረም አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አይሸትሽም እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ምንም?»

«ምንም።»

«ስንት ጊዜሽ ነው?»

ነገርኳት። ስድስት ሰኞ። እናቴ አልተቆጣችም፤ ሬድዮውን ጭራሽ አጠፋችው። «ልጁ በከንቱ ነዋ የተሰደበው» አለች። ከዚያም «ዛሬ ንገሪው። እኔ አልነግርልሽም» አለችኝና የምሳውን ሳህን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ፤ እጁን ታጥቦም መብላት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ያልበላን ሰው እህሉ ላይ እንዳላስደነግጠው እስኪጨርስ ቆምኩ። የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። አላወጣሁትም።

«አባዬ፣ ጋኑ እንቁላል ይሸታል።»

«ያ ልጅ እንደገና ገባ?»

«እሱ አይደለም። ወይኑ ነው። እማዬ አሸተተችው።»

ባዶውን ሳህን አስቀመጠ። «እናትሽ? እናትሽ ወይን አሸተተች?»

«መኪና ውስጥ።»

«እናትሽ!» አለ እንደገና። ለትንሽ ጊዜ ሌላው ነገር ሁሉ የጠፋበት መሰለኝ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «አንቺስ? ንጹህ ነው ብለሽኝ የለ?»

«እኔ አይሸተኝም። ወይኑም፣ ሳሙናውም፣ ምንም። ከሁለተኛው ሰኞ ጀምሮ።»

 በጣቶቹ ሳምንቶቹን ሲቆጥር አየሁት። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ እጁን ጨበጠና ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ወንድሜ ውጭ ሳጥን ይጭናል።

«ግባ» አለው።

«ከበር ተመለስ ተብያለሁ።»

«ግባ አልኩህ። ና፣ እነዚህን አሽትት።»

ወንድሜ ገብቶ ሁለቱንም ጠርሙሶች ተራ በተራ አሸተተ። «ይሄ እንቁላል። ይሄ ኖ።» ከዚያ የሆነው ገባው፤ አየኝ። «ኦ» አለ። «ስለዚህ ሰኞ ዕለት አልበላሁም ማለት ነው።»

«አልበላህም» አለ አባቴ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም፤ ግን የወንድሜን ትከሻ ይዞ ቆየ።

«ቱ ቢ ኦነስት» አለ ወንድሜ፣ «ማክሰኞ በልቻለሁ።»

አባቴ ሳይወድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥብኝ ስለነበር ቶሎ ተውኩት።

«ሐኪም አየሽ?» አለኝ አባቴ።

«አላየሁም።»

«ታያለሽ። ይመለሳል።»

«ባይመለስስ?»

ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ስጠይቀው ግን ውስጤ አንድ የተወሰነ መልስ ይጠብቅ እንደነበር ገባኝ። «እንግዲያ ወደምትፈልጊው ሂጂ» የሚል።

አባቴ አሰበበት። ሲያስብ ድምፁ እየለሰለሰ ሄደ፤ ሊያጽናናኝ መሆኑን አውቄያለሁ። «ባይመለስ ወንድምሽ ያሸታል፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። መሰላሉን እኔ እይዛለሁ። እዚህ ቤት ላንቺ ሥራ አይጠፋም» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐሙስ፣ ከሁሉም ቀድሜ ሄድኩ። ትራኩ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ሹፌሩን በሩ ላይ ጠብቄ፣ ወይኑ እንደታመመ፣ አፍንጫዬም እንደማይሠራ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ምንም ሳልጽፍ በአፌ ነገርኩት። ለሚቀጥለው ወር ሌላ ተራ እንደሚፈልግልን ነግሮኝ ሄደ። ከዚያ ደብተሩን አወጣሁ። የዋሸሁባቸውን ስድስት ገጾች አልቀደድኳቸውም። ከእያንዳንዱ ሎሚና አረንጓዴ ፖም ስር «አልሸተተኝም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ወንድሜ ሲመጣ ወደ መሰላሉ አስወጣሁት። ክዳኑን ከፍቶ ፊቱን አጨማደደ። «ጻፊ» አለኝ ከላይ፣ «እንቁላል።»

ደብተሩንና ብዕሩን አቀበልኩት። «ራስህ ጻፍ።»

«በአማርኛ መጻፍ አልችልም እኮ።»

«በምትችለው ጻፍ።»

ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በትላልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፈ። እኔ ከታች የመሰላሉን እግር ያዝኩለት። ጽፎ ሲጨርስ ደብተሩን መልሶ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። አባቴ ከበሩ ሲገባ ደብተሩ ወንድሜ እጅ ላይ ነበር።